ቅቤ የጠጣው ጃኬት

በቀደም ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ አንድ ጎረምሳ ተቀመጠ። ዝናብ መትቶት ነው የገባው። የለበሰው ያንን ዓይነት የቆዳ ጃኬት ነው፤ ፊቱ እንደ ከፋይ ጸጉር ያለውን፣ በመዳፍ ወዲህ ሲያሹት የሚጠቁረውን፣ ወዲያ ሲመልሱት የሚነጣውን። የጭቃ ጠብታዎቹን በእርጥብ ሶፍት ይፈትጋቸዋል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አፌን መያዝ የማልችል ሴት ነኝ። «ተው! አትፈትገው!» አልኩት። ደንግጦ አየኝ። «እማማ፣ ጭቃ እኮ ነው።» «ጭቃው ሲደርቅ ይራገፋል፤ አንተ ግን ወደ ውስጥ እያስገባኸው ነው። ተወው፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። እሳት አታስጠጋው፣ ፀሐይ አታስጣው። ከዚያ በደረቅ ብሩሽ፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ። እልኸኛ እድፍ ካለው በደረቀ ዳቦ እሸው።» «በዳቦ?» ብሎ ሳቀ። ረዳቱ ከበሩ ዘወር ብሎ «እማማ፣ የዳቦን ዋጋ ሰምተዋል?» አለኝና ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን ቶሎ ተቋረጠ። ከልጁ ትከሻ የእርጥብ ቆዳ ሽታ መጣና አባቴን ፊት ለፊቴ አቆመብኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዓመት የምቆጥረው በለበስኩት ልብስ ነው። አረንጓዴ ሹራብ ስለብስ ዳንግላ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሰማያዊ ቀሚስ ስለብስ ደብረ ማርቆስ፣ አክስቴ ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃ። ጃኬቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዳንግላ ባጃጅ የሚባል አታውቅም፤ መንገዱ የጋሪ ነበር፤ ዛሬም ጋሪው አልጠፋም፣ ፈረሶቹ ግን ያኔ ይወፍሩ የነበረ ይመስለኛል። ከጋሪ መቆሚያው ማዶ አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ አስቀምጦ ለመንገደኛው ሁሉ ያሰማል፤ የክራር ዘፈን ሲጀምር ባለጋሪዎቹ ደንበኛ ተሳፍሮ እያለ ወርደው ያዳምጣሉ። ሻይ አምስት ሳንቲም፣ ፉርኖ ዳቦ አስር ሳንቲም፣ እስከ ከተማው ዳር በጋሪ ስሙኒ። ስሙኒ የሌለው በጭቃው ይሄዳታል። ዘመናዊ የሚባለው ወንድ ናይሎን ሸሚዝ በካኪ ሱሪ ይለብስና ጋቢውን በአንድ ትከሻው ጣል ያደርጋል። ሴት ልጅ በጃኬት? እንዲህ ያለው አልታየም። እኔ ለብሼው ስወርድ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተቀመጡት ዞር ብለው አዩኝ። አንዱ «ልጅቱ ወታደር ሆናለች እንዴ?» ሲል ሰማሁት። «አዎ፣ አንተን ልይዝህ ነው የመጣሁት» ብዬው አለፍኩ።

ጃኬቱን የሰጠችኝ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ናት፤ ቀጭን ፈረንጅ፣ ሳቋ እንደ ወንድ ሳቅ ቤት የሚሞላ። ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ሻንጣዋ አልዘጋ አላትና «ጥሩወርቅ፣ የምትሄጂበት አገር ይበርዳል» ብላ አለበሰችኝ። የምሄድበት አዲስ አበባ ነበር፤ የነርሶች ትምህርት ቤት ተቀብሎኝ ነበር። የቀረው የአባቴ እሺታ ብቻ ነው። ጃኬቱ የቀረፋ ቀለም ነበረው፣ ቁልፎቹ ከቀንድ የተሠሩ፣ ገበሩ ሐር መሳይ። እጅጌው ይረዝመኛል። ስታስረክበኝ አደራዋ ሕፃን የምታስረክብ ያስመስላት ነበር። ውሃ ጠላቱ ነው፤ ቅባት ከውሃ የባሰ ጠላቱ ነው። በላስቲክ አትጠቅልዪው፣ ቆዳ ይተነፍሳል፤ በጨርቅ ከረጢት ይሁን። ሚስማር ላይ አትስቀዪው፣ ትከሻው ይጎብጣል። ድንገት ቅባት ከነካው ጠመኔ ፍጪና ነስንሺበት፣ ቅባቱን እስኪመጠው ጠብቂ፣ ከዚያ ብሩሽ። ጸጉሩ ከተኛ የፈላ ውሃ እንፋሎት ከሩቅ አሳዪው፣ ይነሣል። ይህን ሁሉ በቃሌ ያዝኩት። ከፈተናው ጥያቄ ይልቅ ይህን አጥንቻለሁ።

ቤታችን ከዳንግላ ወጣ ያለ ገጠር ነበር። አባቴ አየነው ገበሬ ነው፤ ከገበሬነቱ በፊት ግን ፈረሰኛ ነው። ዳማ ፈረሱ ከእኛ እኩል ቤት ውስጥ ያድራል፤ ኮርቻውና ልጓሙ ከመግቢያው በስተቀኝ ባለው አግድም እንጨት ላይ እንደ ጌጥ ይሰቀላሉ። ከእናቴ ጋር የሚነጋገረው በአገውኛ ነው፣ እኔንም ያሳደገኝ በአገውኛ። በአማርኛ ካናገረኝ ግን ነገር አለ ማለት ነው። አማርኛ ለእሱ የዳኛና የሽማግሌ ፊት ቋንቋ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ቤት ስገባ ካፊያ መትቶኝ፣ የጋሪው ጎማ ጭቃ እስከ ደረቴ ረጭቶብኝ ነበር። ሰላምታውን ሳልጨርስ ጃኬቱን አወለቅሁ። እናቴ ከእሳቱ ዳር ልታሰጣልኝ ስትል ከእጇ ነጠቅኋት። «ምነው ልጄ፣ ይቃጠላል?» «ይቃጠላል እማዬ፣ ይጨማደዳል!»

በማግስቱ በሩ ላይ ተቀምጬ፣ በደረቀው ጭቃ ላይ ብሩሽ እየሳብኩ፣ የቀረውን በፉርኖ ዳቦ ልብ እያሸሁ ሳለ አባቴ መጥቶ ከላዬ ቆመ። «ምን እያደረግሽ ነው?» አለ። በአማርኛ።

«እያጸዳሁት ነው።»

«ሰው በሚበላው ነገር ልብስ ያጸዳል?»

«የደረቀ ነው አባባ። ውሃ ስለማይወድ ነው።»

«ቆዳ ውሃ አይወድም?» ጎንበስ ብሎ እጅጌውን በሁለት ጣቱ መሐል አሸው። «ከብቱ በሕይወት ሳለ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይይዝ ነበር በይኛ!»

እናቴ ከውስጥ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እጅጌውን ገና አልለቀቀውም፤ በጣቱ እያገላበጠ ያየዋል፣ ልክ የታመመ ጥጃ ጆሮ እንደሚያይ። «ተርቧል» አለ በመጨረሻ። «ይሄ ቆዳ ተርቧል።» «የፈረንጅ ቆዳ ነው፣ አይራብም» አልኩት። አንዴ አየኝና ወደ ፈረሱ ሄደ።

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። እኔ ቤት በገባሁ በዚያው ሰሞን ጋሽ ቢተው ለልጁ ጠየቀኝ። ጋሽ ቢተው የአባቴ የነፍስ ጓደኛ ነው። አብረው ይጋልባሉ፣ የጊዮርጊስ ማኅበር አብረው ይጠጣሉ፤ አንድ ክረምት አባቴ ታሞ ሲተኛ የኛን መሬት ከራሱ ቀድሞ ያረሰው እሱ ነው። ልጁንም ቢሆን የሚጠላ የለም፤ ጥርሱም ፈረሱም ያምራል። ብቻ እኔ ማንንም ላገባ አልነበረም፤ ልሄድ ነበር። አባቴ ግን እንቢም እሺም አላለም። «እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኑ፣ መልሳችሁን ትሰማላችሁ» ብሎ ላከባቸው። ከዳንግላ ጤፍ የሚጭነው መኪና ደግሞ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚነሣው ሰኞ ጠዋት ነው። ያ ካመለጠኝ ትምህርት ቤቱ አይጠብቀኝም፤ ይህን ለአባቴ ነግሬዋለሁ። «ለእኔስ መልሱን መቼ ነው የሚነግሩኝ?» አልኩት። «ለሽማግሌ ያልተነገረ ለልጅ አይነገርም» አለኝ፤ በአማርኛ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። እናቴ ዕቃ ስታስቀምጥ እንኳ እንዳይንኳኳ እየተጠነቀቀች ነበር። እኔ ስወጣ ስገባ ጃኬቱን በከረጢቱ ላይ ዳሰስ አደርገዋለሁ። ዛሬ ቢገርመኝም ያን ጊዜ እውነት ነበር፦ ያንን ስለብስ ማንም የማያስቆመኝ ሰው እሆን ነበር። እንቢ ካለኝ ለብሼው እጠፋለሁ ብዬ ቆርጫለሁ።

ቅዳሜ ዳንግላ ወርጄ ከሹፌሩ ጋር ተነጋገርኩ፤ ከጤፉ ጆንያ ላይ እንዲያስቀምጠኝ ተስማማን። አምሽቼ ገብቼ ሳልበላ ተኛሁ። እሑድ ማለዳ ከረጢቱን ብከፍት ባዶ ነው። ዘወር ስል ጃኬቱ ከኮርቻው ጎን፣ ከአግድሙ እንጨት ላይ ተሰቅሏል። መጀመሪያ አላወቅሁትም። ቀረፋነቱ የለም። ጠቁሯል፣ ያብለጨልጫል፤ ያ ከፋይ ጸጉሩ ተኝቶ እንደ ታጠበ ውሻ ተለጥፏል። ከክርኑ ላይ የቀለጠ ቅቤ ጠብ ይላል። አንገቱ፣ ኪሱ፣ የስፌቱ መስመር ሳይቀር በጣት እየታሸ ጠጥቷል። አባቴ ነጭ ልብሱን ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«አንተ!» አልኩት። «ምን አደረግከው?»

ባገራችን አባት አንተ አይባልም። እኔም ብዬው አላውቅም ነበር። እናቴ «ውይ በሞትኩት!» ብላ አፏን ያዘች። አባቴ ጋቢውን አስተካከለ።

«ማንን ነው አንተ ያልሽው?»

«አንተን ነዋ! ቅባት ጠላቱ እኮ ነው! በዳቦ ሳሸው ቆመህ አላየህም? እንዳልሄድ ነው! ሰው ፈረሱ እንዳይሄድ እግሩን ያስራል፣ አንተ ደግሞ ልብሴን!»

ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር። አየኝና ወጣ። እናቴ እያለቀሰች «ቅቤ አቅልጪልኝ ሲለኝ ለኮርቻው መስሎኝ ነው፤ እኔ ምን አውቄ» ትላለች። ስለ ቅቤ እንድታወራልኝ አልፈለግሁም። ጃኬቱን አውርጄ መደቡ ላይ ዘረጋሁት። ጠመኔ ከየት ይምጣ? የጤፍ ዱቄት አወጣሁና ነሰነስኩበት። አስተማሪዬ እስኪመጠው ጠብቂ ብላኝ ነበር፤ ማን ይጠብቃል! ወዲያው በብሩሽ ጠረግሁት፣ እንደገና ነሰነስኩ፣ ጠረግሁ። ዱቄቱ ቅቤውን እየጠጣ ግራጫ ጭቅቅት ሆኖ በብሩሹ ላይ ይጠቀለላል። አንዱ ወገን ነጭ፣ አንዱ ወገን ጥቁር ሆነ። ለምድ የደረበ ሰይጣን መሰለ። «ልጄ፣ ሊጥ ልታደርጊው ነው?» አለች እናቴ። «ተዪኝ!» አልኳት። ነገ በሌጣ ቀሚስ፣ በዚያ ዝናብ፣ በጆንያ ላይ ተቀምጬ መጥፋቴ ነው ብዬ እያሰብኩ ሳለ ውጭ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ።

ሽማግሌ ሲላክ የልጁ አባት ቤቱ ይቀመጣል፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ጋሽ ቢተው ግን «በእኔና በአየነው መሐል አማላጅ ምን ይሠራል» ብሎ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ፊት ራሱ መጣ። ረዥም፣ ድምፁ የሚያስገመግም ሰው ነበር። አባቴ ከኋላቸው ገባ። ጃኬቱን ለማንሣት ጊዜ አላገኘሁም፤ እናቴ በዓይኗ «አንሺው! አንሺው!» ትለኛለች፣ ጋሽ ቢተው ግን ገና ከመግባቱ መደቡ ላይ፣ ከጃኬቱ ጎን ዘፍ አለ። ዱቄቱ ተነሥቶ ነጭ ጋቢው ላይ አረፈ።

«ኧረ ይሄ ምንድን ነው? አየነው፣ ጥጃ ሞተብህ እንዴ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ ከጓዳው በር ላይ ቆሜ ከንፈሬን ነከስኩ። እናቴ ጠላ ቀዳች። ጋሽ ቢተው ጠላውን ተቀብሎ አንዴ ተጎነጨና በሌላው እጁ ጃኬቱን ዳሰሰ። ጣቱን አሸተተ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት።

«ለጋ ቅቤ ነው» አለ። «ስፌቱ ሳይቀር ታሽቷል። የማን ሥራ ነው?»

«የእኔ» አለ አባቴ።

«የማን ልብስ ነው?»

«የእሷ» አለና በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

ጋሽ ቢተው ጠላውን መሬት ላይ አኖረ። «አየነው፣ እኔና አንተ ኮርቻ ቅቤ የምንቀባው መቼ ነው?»

«ለመንገድ ስንነሣ።»

«ረዥም መንገድ ሲሆን።»

«አዎ። ረዥም መንገድ ሲሆን።»

አንደኛው ሽማግሌ «ቆይ እስቲ፣ ነገሩን በወጉ...» ብሎ ጀመረ፤ ጋሽ ቢተው እጁን አነሣበት። ዓይኑ ከአባቴ ላይ አልተነቀለም። አባቴ ቆሞ ነበር፤ ከገባ ጀምሮ አልተቀመጠም። ቃሉን የጀመረው በአማርኛ ነው፣ ቀስ እያለ፣ ፍርድ ቤት እንደሚቆም ሰው።

«ልጅቱ ያመጣችው ልብስ ውሃ ይፈራል። በዳቦ ስታባብለው አይቻታለሁ። ዓባይን በዚህ ዝናብ የምትሻገር ልጅ ውሃ የሚፈራ ልብስ ለብሳ ከቤቴ አትወጣም። የምሰጣት ሌላ የለኝም፤ ቅቤ ነው ያለኝ፣ ቀባሁት። መልሴ ይኸው ነው። ነገ ትሄዳለች።»

በሩን ተደገፍኩ። ጋሽ ቢተው በአገውኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲያ ባዶ ቤት ነው የጠራኸን» አለው። አባቴም በአገውኛ መለሰለት፦ «እምቢታዬን ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማ ብዬ ነው።» «ለኔ ልጅ?» «ላንተ ልጅ ባይሆን ገና ድሮ እምቢ ብዬ ነበር።» ጋሽ ቢተው ተነሣ። ጠላውን አልጨረሰም። ሲያልፈኝ ጋቢው ላይ የኔ ዱቄት አለ፤ አላራገፈውም። ሽማግሌዎቹ ተከተሉት። ኮቴው እስኪርቅ አባቴ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። «አባባ...» አልኩት። «ዱቄቱን ከቆዳው አራግፊለት» አለኝ፤ በአገውኛ። «አይበላም እሱ።»

ይቅርታ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልጠበቀም። እንዲህ ነን እኛ። ስለ ቆዳው ደግሞ እስከ ዛሬ አቋሜ አልተለወጠም፤ ከፋይ ቆዳ ቅቤ ቀብቶ ማበላሸት ነው፣ ማንም ቢጠይቀኝ አትንካው እለዋለሁ። አባቴ ኮርቻ ያውቅ ነበር፤ ጃኬት አያውቅም። ዱቄቱን ሳራግፍ ሌሊቱን ባድርም ያ ቀረፋ ቀለም ዳግመኛ አልተመለሰም።

ሰኞ ጠዋት ዳማውን ጫነና «ውጪበት» አለኝ። ጃኬቱን ለብሼ ኮርቻው ላይ ወጣሁ፤ እሱ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ከፊት ሄደ። ያን ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እሱን የሚያህል ፈረሰኛ በጭቃ ሲራመድ፣ ሴት ልጁ ቅቤ ቅቤ የሚሸት የወንድ ልብስ ለብሳ ከላይ ተቀምጣ፣ በገበያው መንገድ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ። «ከኋላዬ ይውጡ፣ ፈረሱ ይችለናል» ስለው «ዝም ብለሽ ተቀመጪ» ብቻ ነው መልሱ። ወደ ከተማው ስንቃረብ ጋሽ ቢተው በፈረሱ ከፊታችን መጣ። አባቴ ልጓሙን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ባርኔጣውን አነሣ። ጋሽ ቢተው ባጠገባችን አለፈ። ራሱን አላዞረም። አባቴ ባርኔጣውን መልሶ እስኪደፋ ድረስ ትንሽ ቆየ፤ ከጀርባው ሆኜ ማየት የቻልኩት አንገቱን ብቻ ነው።

የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ካፊያው እየጠነከረ ነበር። ሹፌሩ «ቶሎ በሉ እንጂ! እንጅባራ ላይ ከዚህ የባሰ አለ!» ይላል። አባቴ የቀንድ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈልኝ፤ ሲጨርስ የጃኬቱን ጫፍ ይዞ ጠበቅ አድርጎ ሳበው፣ የኮርቻ ጠፍር እንደሚሞክር። አልሳመኝም። «በርቺ» አለና ወደ ጆንያው ላይ አነሣኝ።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። እኔ ፊቴን ወደ ኋላ አድርጌ ተቀምጫለሁ። አባቴ ፈረሱን አዞረ። አሁን ይወጣበታል ብዬ ጠበቅሁ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፣ ዝናብ ነው። አልወጣም። ልጓሙን ይዞ፣ ራሱን አቀርቅሮ፣ ባዶ ኮርቻ የተጫነውን ፈረስ እየመራ ገበያውን አቋርጦ ሄደ። ባገራችን ፈረስ እንዲያ ተጭኖ፣ ሰው ሳይኖርበት በእጅ የሚጎተተው ለቅሶ ላይ ነው፤ የሞተው ሰው ፈረስ። «አባባ፣ ይውጡበት እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። ሰዎቹ መንገድ እየለቀቁለት ቆመው ያዩታል፤ አንድ ሽማግሌ ቆቡን አወለቀ። እስከ መታጠፊያው ድረስ አየሁት። አልወጣበትም።